ወደ ወንዙ የወረዱት

አንድ ሰው ነበር። የዚህ ሰው ሥራ ሞትን መንገር ነበር።

እንጀራው ግን ይህ አይደለም፤ እንጀራው እርሻ ነው። ከሐይቅ አጠገብ ባለ ሜዳማ አገር፣ እንደ ጎረቤቶቹ ሩዝ እየዘራ የሚኖር፣ ጥምድ በሬ ያለው ገበሬ ነው። ነገር ግን በመንደሩ ሰው ባረፈ ቁጥር ዕድሩ የሚጠራው እሱን ነው። የጎረሰውን ሳይውጥ ይነሣል። ጡሩምባውን ከተሰቀለበት ያወርዳል። ቤት ለቤት፣ አጥር ላጥር እየዞረ ይነፋል፤ ነፍቶም የሟቹን ስም ይጠራል። ሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ አደረገ። ከእሱ በፊት አባቱ ያደርጉት ነበር።

ስሙ አላምረው ነው። መንደሩ አያ አላምረው ይለዋል።

እስቲ አስቡት ወገኖቼ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ያ ድምፅ በዚያ መንደር የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ለሰርግ አልተነፋም። ለስብሰባ አልተነፋም። ያ ድምፅ ከተሰማ ሰው ሞቷል። የሰማች ሴት ሊጥ እያቦካች ከሆነ እጇን ትለቃለቃለች፣ ነጠላዋን ታዘቀዝቃለች፣ ትወጣለች። ማን እንደሞተ ገና ሳታውቅ እንባዋ ይቀድማታል። ሕፃን እንኳ ያንን ድምፅ ሲሰማ ጨዋታውን ያቆማል። ማን አስተማረው? ማንም። በእናቱ ጀርባ ላይ ሆኖ የተማረው ነው።

አሁን ወደዚህ መንደር አንድ እንግዳ ይምጣ።

ስንሻው ይባላል። ወጣት ነው፣ የተማረ ነው፣ ደግ ነው። ደግ መሆኑን አትርሱ። ይህ የክፉ ሰው ታሪክ ቢሆን ኖሮ ዛሬ እዚህ ቤት ውስጥ መነገሩ ባላስፈለገ ነበር። በአንድ የቤተ ክርስቲያን የእርዳታ ክፍል ውስጥ ይሠራል፤ ሥራውም ጎርፍ ሳይደርስ ሰውን ማስጠንቀቅ ነው። ከዚያ በፊት በሌላ ቆላ አገር ሠርቶ ነበር። እዚያ ጡሩምባ አስነፍቶ አንድ ሙሉ መንደር ከጎርፍ አፍ አውጥቷል። ሰው ቀርቶ አንዲት ፍየል አልጠፋችም። ለዚህ የተሰጠው የምስጋና ወረቀት በመስታወት ተደርጎ ቢሮው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

ታዲያ ወደ አላምረው መንደር ሲመጣ ምን ይዞ መጣ? ያንኑ ይዞ መጣ። ለምን አይይዝ? ሰው አድኖበታል እኮ!

መንደሩ ጎርፍን ያውቃል። ክረምት በመጣ ቁጥር ወንዙ ሞልቶ ሜዳውን ያለብሰዋል። ክፋቱ፣ እዚህ ፀሐይ ወጥቶ እዚያ ላይ ተራራው ጋ መዝነቡ ነው። ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ሰው አጎንብሶ ሩዙን እያረመ፣ ውኃው ከኋላው ይደርስበታል። ስለዚህ ማስጠንቀቂያ ያስፈልግ ነበር። ይህንን የካደ የለም።

የሥልጠናው ቀን ቅዳሜ፣ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ተባለ። ለምን ቅዳሜ? መኪናው የሚገኘው ቅዳሜ ስለሆነ። ቅዳሜ ደግሞ ገበያ ነው። ሴቶቹ ዶሮውንና ቅቤውን ይዘው ገና በጧቱ ገበያ ወርደዋል። በትምህርት ቤቱ ግቢ የተሰበሰቡት ሰባ ሦስት አባወራዎችና አንዲት ሴት ናቸው። እሳቸውም ወይዘሮ አንጓች ነበሩ። ባላቸው ስለሞቱባቸው ስማቸው ከአባወራዎቹ ዝርዝር ገብቶ ነው። ገበያቸውን ትተው መጡ።

ስንሻው የሥዕል መጽሐፍ አደለ። ሥዕሉ ላይ ቀይ ጣራ ያላቸው ቤቶች አሉ። እዚያ አገር ማንም አይቶት የማያውቅ መለሎ ዛፍ አለ። ቢጫ የዝናብ ልብስ የለበሰ ሰው ጡሩምባ ይነፋል።

"ይኼ ዛፍ ምን የሚሉት ነው?" አለ አንዱ።

"ዛፉን ተዉት፤ ዋናው መልእክቱ ነው" አለ ስንሻው። ሰው ሳቀ። እሱም አብሮ ሳቀ።

ልብ በሉ፤ ዛፉን ተዉት ነው ያለው። መጽሐፉ የተሠራው ለሌላ አገር ሰው እንደሆነ ዛፉ እየጮኸ ሲነግራቸው፣ ተዉት አለ።

ከዚያ ያስረዳቸው ጀመር። "ከላይ፣ ከተራራው ሥር፣ ወንዙን የሚጠብቅ ሰው አለን። ውኃው ሲሞላ ለአያ አላምረው ስልክ ይደውላል። አያ አላምረው ወደዚህ ወደ ትምህርት ቤቱ ጉብታ ይወጡና አምስት ጊዜ ይነፋሉ። ከጉብታው አይወርዱም፤ የሚያስጠነቅቅ ሰው ራሱ መትረፍ አለበት። እናንተ ጡሩምባ ስትሰሙ ሁሉን ጥላችሁ ወደዚህ ትወጣላችሁ። በቃ፤ ቀላል ነው።"

ወይዘሮ አንጓች እጃቸውን አወጡ።

"ልጄ፣ ጡሩምባ እዚህ አገር ለሞት ነው።"

"ሰምቻለሁ እማማ። ለዚህ እኮ ነው አምስት ጊዜ ያልነው። ለሞት ሦስት፣ ለጎርፍ አምስት።"

"ለቅሶ የሚሄድ ሰው ይቆጥራል እንዴ?"

ሰው ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም። "ደግሞስ ሴቶቹ የት አሉ? ቀን ቀን ቤት የሚውለው ማን ሆነና?"

"ባሎቻቸው ይነግሯቸዋል።"

"እነዚህ?" አሉ በአገጫቸው ወደ ወንዶቹ እየጠቆሙ። እንደገና ሳቅ ሆነ። "ስማኝ ልጄ። እኛ ቤት ሲቃጠል ቆርቆሮ እንቀጠቅጣለን። ቆርቆሮ የሰማ ሰው ልጁን አንሥቶ ይሸሻል እንጂ ማን ሞተ ብሎ አይጠይቅም። ለጎርፉም ቆርቆሮ ይሁንልን።"

ስንሻው ፈገግ አለ። "ጥሩ አስተያየት ነው እማማ፤ እናመሰግናለን" አለ።

ጥሩ አስተያየት ነው! ወገኖቼ፣ በዚህች ቃል ስንት እውነት ተቀብሯል? ሰውን ዝም ለማሰኘት ስድብ አያስፈልግም። ማመስገን ይበቃል።

መጽሐፉ አስቀድሞ ታትሟል። ቆርቆሮ የሚል ነገር ውስጡ የለም። መኪናውም ስምንት ሰዓት ላይ ሌላ መንደር መድረስ አለበት። ስለዚህ ስንሻው ወደሚቀጥለው ገጽ አለፈ።

አላምረውስ?

አላምረው ከፊት ተቀምጦ ነበር። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ነገሩን ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። ጡሩምባ ሲሰማ የሰው ፊት ምን እንደሚሆን ሃያ ስድስት ዓመት ያየ ሰው ነው። ልቡ፣ "ሴትዮዋ እውነታቸውን ነው" አለው። አፉ ግን አልተከፈተም። እንግዳ ነው፣ የተማረ ነው፣ ከሩቅ መጥቷል፤ እንግዳን በሰው ፊት ማሳፈር ነውር ነው። ሌላም ነገር ነበረ፤ ኋላ ራሱ በአንደበቱ ተናግሮታል። ስንሻው፣ "የዚህ ሥራ ዋናው ሰው አያ አላምረው ናቸው" ብሎ አስጨብጭቦለት ነበር። ዕድሜውን ሁሉ ለሞት ብቻ የተፈለገ ሰው፣ አንድ ቀን ለሕይወት ሲፈለግ ደስ አይለውም ትላላችሁ? ደስ አለው። ስለዚህ ዝም አለ።

ሲመለሱ መንገድ ላይ ወይዘሮ አንጓች ደረሱበት።

"አንተ አላምረው፣ አንተ እንኳ ዝም ትላለህ?"

"ምን ልበል እቴ አንጓች? እነሱ ያውቃሉ።"

"ምኑን ነው የሚያውቁት? የኛን ሞት?"

አላምረው መንገዱን ቀጠለ።

ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ለብርቄ ነገራት። ደጊቱ የምትባል ልጅም ነበረችው፤ እዚያው መንደር ውስጥ ከወንዙ ወገን ላለ ፈንቴ ለሚባል ገበሬ የተዳረች። ለእሷ ልንገራት ብሎ አስቦ ነበር። ግን ፈንቴ ሥልጠናው ላይ ከአጠገቡ ተቀምጦ ውሏል፤ ባሏ ሰምቶ የለ፣ ይነግራታል አለና ተወው። ፈንቴ ደግሞ ምን አለ? አባቷ ራሱ ጡሩምባ ነፊው፤ እሱ ሳይነግራት ይቀራል? አለ።

አያችሁ? ሁለት የሚወዷት ወንዶች ሰምተዋል። ለደጊቱ ግን የነገራት የለም።

ነሐሴ ገባ።

በመንደሩ እማማ የዝና የሚባሉ አሮጊት ነበሩ። አዋላጅ ናቸው። በዚያ ሜዳ ላይ ከአርባ ዓመት በታች ያለውን ሰው ሁሉ መጀመሪያ የተቀበለው እጅ የእሳቸው እጅ ነው ቢባል ብዙም አልተጋነነም። ቤታቸው ከሁሉ ዝቅ ብሎ፣ ከወንዙ ዳር ነው። ከሰኔ ጀምሮ ታመው ተኝተዋል። አንድ ማክሰኞ ጧት ባሰባቸው። ወንዶቹ ቃሬዛ ሠርተው ተሸከሟቸውና ወደ ጤና ጣቢያው መንገድ ጀመሩ። መንገዱ የሦስት ሰዓት ነው፤ ጭቃው እስከ ጉልበት ነው። በየተራ ለመሸከም የመንደሩ ወንድ አብሮ ወጣ። ሴቶቹ እስከ መንደሩ ጫፍ ሸኙና እያለቀሱ ተመለሱ፤ እማማ የዝና በሕይወት ይመለሳሉ ብላ ያመነች አልነበረችም።

እንግዲህ ልብ በሉ። ሥልጠናውን የሰሙት ከመንደር ወጡ። ከወይዘሮ አንጓች በቀር የቀሩት ሴቶች ያልሰሙት ናቸው።

አላምረው እግሩን እሾህ ወግቶት ስለነበር አልሄደም።

ስድስት ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ።

"አያ አላምረው! ወንዙ ሞልቷል! እንደ ዛሬ አይቼ አላውቅም! ግማሽ ሰዓት ቢኖራችሁ ነው!"

ግማሽ ሰዓት። ግማሽ ሰዓት ብዙ ነው ወገኖቼ። ከወንዙ ዳር እስከ ትምህርት ቤቱ ጉብታ ሩብ ሰዓት አያስኬድም። ልጅ የምታነሣበት ጊዜ አለ፤ ጥጃ የምትፈታበት ጊዜ አለ። ማስጠንቀቂያው ሠርቷል። ስልኩ ሠርቷል። ሁሉም ነገር በመጽሐፉ ላይ እንደተጻፈው ሆኗል።

አላምረው ጡሩምባውን ይዞ፣ ብርቄን አስከትሎ፣ እያነከሰ ወደ ጉብታው ወጣ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ቆመና ነፋ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት።

ከታች በሮች ተከፈቱ። እሰይ አለ ልቡ። ሴቶቹ ወጡ። ልጆቻቸውን አዘሉ። እሰይ።

ከዚያ አንደኛዋ ነጠላዋን ስታዘቀዝቅ አየ።

ሁለተኛዋም አዘቀዘቀች። ሦስተኛዋ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። ተጠራሩ፤ አጥር ላጥር ተነጋገሩ። ከጉብታው ላይ ሆኖ ቃላቸው አልተሰማውም። መስማትም አላስፈለገውም። "እማማ የዝና! ወይኔ እማማ የዝና! መንገድ ላይ አረፉ!" የሚሉትን ያውቃል። ሬሳው ሳይመለስ ቤቱን ሊያሰናዱ ነው። ሴቶቹ ቁልቁል ወረዱ። ወደ እማማ የዝና ቤት። ወደ ወንዙ።

"ወደ ላይ! ወደ ላይ ውጡ!" ብሎ ጮኸ። ድምፁ አልደረሰም። ከዚያ ጉብታ ላይ ወደ መንደሩ የሚደርስ አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለው፤ እሱም ጡሩምባው ነው።

ስለዚህ ነፋ። ምን ያድርግ? በእጁ ሌላ ምን አለ? ከንፈሩ እስኪደማ ነፋ። በነፋ ቁጥር ሴቶቹ ፈጠኑ። ለካ ዘግይተናል፣ ለካ ሬሳው ቀድሞን ደርሷል፣ ብለው ፈጠኑ። እሱ ባስጠነቀቃቸው መጠን እነሱ ወደ ሞታቸው ሮጡ።

ብርቄ እጁን ያዘችው። "ተው! ተው አላምረው፣ አትንፋ! አንተ ነህ የምትነዳቸው!"

ጡሩምባውን ጣለ። በእሾህ እግሩ ቁልቁል ሮጠ።

ወይዘሮ አንጓች መንገዱ መሐል ቆመው አገኛቸው። "ጎርፍ ነው! ሞት አይደለም፣ ጎርፍ ነው!" እያሉ ሴቶቹን እየያዙ ወደ ላይ ይገፋሉ። ስምንት ሴቶች መልሰዋል፤ አንዷን በሹሩባዋ ጎትተው ነው። ሌሎቹ ግን፣ "እማማ የዝና አርፈው እኚህ ስለ ጎርፍ ያወራሉ" ብለው አልፈዋቸው ሄደዋል። ሰማዩን አይተዋል፤ ሰማዩ ላይ ደመና የለም።

"ደጊቱስ?" አለ አላምረው።

ወይዘሮ አንጓች ወደ ታች አዩ።

ደጊቱ ከሁሉ ፊት ነበረች። እማማ የዝና እሷን አዋልደዋታል፤ የአምስት ወር ልጇንም ያዋለዱት እሳቸው ናቸው። እሷ ያልቀደመች ማን ይቅደም? አላምረው ከሩቅ በአረማመዷ ለያት። ሕፃኑን አዝላለች።

"ደጊቱ!"

ሰማችው። ዞረች። አባቷ እያነከሰ፣ እጁን እያወናጨፈ፣ እየጮኸ ሲሮጥ አየችው። ምን መሰላት? የሚያለቅስ መሰላት። ጡሩምባ ነፊው አባቷ ሃዘኑ ጸንቶበት፣ መንፋቱን ትቶ ለእማማ የዝና ሊያለቅስ የመጣ መሰላት። እሷም ደረቷን መታችለት።

ውኃው ያን ጊዜ ደረሰ።

አሥራ አንድ ሴቶች። የታዘሉ አራት ሕፃናት። የሄዱበት ቤት ባዶ ነበር፤ የሞተ ሰው አልነበረበትም። እማማ የዝና በዚያች ሰዓት ጤና ጣቢያ ደርሰው፣ መርፌ ተወግተው፣ ውኃ ስጡኝ ይሉ ነበር።

ቀብሩ ሦስት ቀን ፈጀ፤ ሬሳው በየቦታው ነበርና። ጡሩምባ የነፋ የለም። ሽማግሌዎች ቤት ለቤት በእግር እየሄዱ፣ በር ላይ ቆመው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተናገሩ። ድንኳኑ ውስጥ አላምረውና ፈንቴ ጎን ለጎን ተቀመጡ።  በሦስተኛው ቀን አላምረው ዞር ብሎ፣ "አልነገርካትም?" አለው።

"እርስዎ የነገሯት መስሎኝ" አለ ፈንቴ።

 ምን ይባላል?

በዘጠነኛው ቀን ስንሻው መጣ። ፊቱ ገርጥቷል። እጁ ላይ የሚሞላ ቅጽ አለ፤ ሙላ ተብሎ የተላከ ነው። አላምረው አጠገብ ዝቅ ብሎ ተቀመጠ፤ እግዚአብሔር ያጥናዎት አለ፤ ከዚያ መጠየቅ ጀመረ።

"ምልክቱ በሰዓቱ ተሰጥቷል?"

"ተሰጥቷል።"

"ስንት ጊዜ ነፉ?"

"አምስት። ከዚያ በኋላ ያለውን አልቆጠርኩም።"

"ሰዎቹ ሰምተዋል?"

"ሁሉም ሰምተዋል።"

"ታዲያ..." ስንሻው እስክሪብቶውን ያዝ አደረገ። "ታዲያ ለምን አልሄዱም?"

አላምረው ቀና ብሎ አየው። "ሄዱ እንጂ ልጄ። ለቅሶ ሄዱ።"

ስንሻው ሌላ ቃል አልጻፈም።

ወይዘሮ አንጓች ከወዲያ ማዶ ተቀምጠው ይሰሙ ነበር። "አንተ ልጅ፣ ያን ቀን ስለ ቆርቆሮው ስነግርህ ጥሩ አስተያየት ነው ብለኸኝ ነበር" አሉት።

"አዎ እማማ።"

"ጻፍከው?"

ስንሻው ማስታወሻ ደብተሩን ከቦርሳው አወጣ። የዚያን ቅዳሜ ገጽ ፈለገ፤ አገኘው። ሰባ አራት ሰው ተገኘ ይላል፤ ሥልጠናው በተሳካ ሁኔታ ተጠናቀቀ ይላል። ስለ ቆርቆሮ አንድ ቃል የለም። ደብተሩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አለቀሰ። ወይዘሮ አንጓች አላባበሉትም። ክፉ ሴት ሆነው አይደለም። አሥራ አንድ ሴት አልቅሰው የቀበሩበት ሳምንት ነው፤ ለእሱ የተረፈ እንባ አልነበራቸውም።

ስንሻው ሥራውን ለቀቀ። ቅጹን ግን ሌላ ሰው ሞላው። ምን ተብሎ ይመስላችኋል? ማስጠንቀቂያው በወቅቱ ተሰጥቷል፤ ይሁን እንጂ በማኅበረሰቡ ዘንድ የግንዛቤ ክፍተት ታይቷል። እንዲህ ተብሎ ነው የተሞላው። የግንዛቤ ክፍተት! የሞቱት ሴቶች ክፍተት እንዳለባቸው ተጻፈባቸው፤ ያልጠየቃቸው ሰው ግን ክፍተት አልተገኘበትም።

በሚቀጥለው ዓመት ግንቦት ሌላ መኪና መጣ። አዲስ መጽሐፍ፣ ጥራት ያለው ወረቀት፣ በባትሪ የሚሠራ ድምፅ ማጉያ። ስብሰባው መቼ ተባለ? ቅዳሜ፣ ከጧቱ ሦስት ሰዓት። አላምረው አልሄደም። ወይዘሮ አንጓችም አልሄዱም፤ ገበያ ወረዱ።

እማማ የዝና እስከ ጥር ኖሩ። ሰው ለአራት ወር ደበቃቸው። ደጊቱ የት ጠፋች ሲሉ፣ ዘመድ ጥየቃ ሩቅ አገር ሄዳለች ይሏቸዋል። በኋላ አንዲት ልጅ ከአፏ አመለጣት። አሮጊቷ ከዚያ በኋላ ምግብ አልቀመሱም። "እኔን ሊያለቅሱ መጥተው?" አሉ፤ ደጋግመው ይህንኑ ብቻ አሉ። ሲያርፉም ጡሩምባ አልተነፋም። አላምረው ዕድሩን በቃኝ ብሏል። ዕድሩም ሌላ ነፊ አልፈለገም።

ታሪኩ ይህ ነው። አሁን ወደ እናንተ ልመለስ።

ወገኖቼ፣ እነዚያን ሴቶች የገደላቸው ማን ነው? ጎርፉ ነው ብላችሁ ከዚህ ቤት አትውጡ። ጎርፉ ግማሽ ሰዓት ሰጥቷቸው ነበር። ጥላቻ ነው እንዳትሉ፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ የጠላቸው ሰው የለም። ሊረዳቸው የመጣ፣ የደከመላቸው፣ ጭቃ ረግጦ የደረሰላቸው ሰው ነው ያለው። ያልሠራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እናንተ ይህን ስትሰሙ ምን ይገባችኋል ብሎ አልጠየቀም። ሲነግሩትም አመሰገነና አለፈ።

እናንተስ አላምረውን አልሆናችሁም? እውነቱን እያወቃችሁ፣ ተናጋሪው የተማረ ነው፣ ከትልቅ ቦታ የመጣ ነው፣ ነውር ነው ብላችሁ ዝም ያላችሁበት ስብሰባ የለም? ጭብጨባው አላሳሳቃችሁም? ፈንቴንስ አልሆናችሁም? የሰማችሁትን ለሚስታችሁ፣ ለእህታችሁ፣ ሌላ ሰው ነግሯት ይሆናል ብላችሁ አልዋጣችሁም?

ጌታችን እኛን ለማዳን ሲወድ ምን አደረገ? ከሰማይ ሆኖ መጮህ አቅቶት ነበር? አልጮኸም። ወረደ። አንድ ተራ መንደር ገብቶ ተወለደ። የሰፈሩን ቋንቋ ከእናቱ አፍ ተማረ። ከለቀስተኛ ጋር አለቀሰ፤ ሰርግ ተጠርቶ ሄደ፤ እንጨት ጠረበ። ለማስተማር ከመነሣቱ በፊት ሠላሳ ዓመት ያህል ዝም ብሎ ከሰው ጋር ኖረ። ሠላሳ ዓመት! ሁሉን የሚያውቅ እሱ ሠላሳ ዓመት ኖሮ ከተናገረ፣ ምንም የማናውቀው እኛ በሦስት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ምን ልንናገር ነው የምንሮጠው?

አንድ ነገር ልንገራችሁና ይብቃን። በሚመጣው ሳምንት ከድልድዩ ማዶ፣ ሸራ ወጥረው ወደሚኖሩት ተፈናቃዮች ልንሄድ ተሰናድተናል። ሥነ ሥርዓቱ በወረቀት ወጥቷል። የምንለብሰው ካናቴራ ታትሟል፤ ደረቱ ላይ የእኛ ስም አለበት። ባለፈው ሐሙስ ግን ሁለት ሰዎች ቀድመን ላክን፤ ከእናንተ መካከል ሽማግሌ ላኩልን፣ እንመካከር እንድንል። ሁለቱም አንገታቸውን ደፍተው ተመለሱ። እዚያ አንዲት እናት አግኝታቸዋለች። እንዲህ አለቻቸው፦

"እናንተ አምናም መጥታችኋል። ስማችንን ሳትጠይቁ ፎቶ አንሥታችሁን ሄዳችሁ። መጀመሪያ ፎቷችንን መልሱልን፤ ምክሩ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።"

 እኔም መልሱን ሦስት ቀን ሙሉ ፈልጌ አላገኘሁም።

እስቲ እናንተ ንገሩኝ። ለዚህች ሴት ምን ብለን እንመልስላት?